ያንግ፣ ዩንግ፣ ዩንጊን፦ ሦስት ቤተሰብ ወይስ አንድ?

የአንባቢያን ጥያቄና የጋሽ መዝገቡ መልስ

(ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ጋሽ መዝገቡ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ አሜሪካዊ ነው። የቤተሰቡ ስም ያንግ ይባላል። ትልቁ ልጃችን የዘር ሐረጉን ሠርቶ እንዲመጣ ከትምህርት ቤት ታዘዘ። የእኔን ወገን አባቴ በስልክ ሰባት ቤት ቆጥሮለት በአንድ ምሽት አለቀ። በባለቤቴ ወገን ግን ተቸግረናል። አማቴ የምትኖረው ቨርጂኒያ፣ ሮኪንግሃም ካውንቲ ነው። «እኛ እንግሊዞች ነን፣ ስማችንም እንግሊዝኛ ነው» ትላለች። ከሳጥኗ ያወጣችው የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ግን በጀርመንኛ ነው፤ ውስጡም «ዩንግ» የሚል ስም ተጽፏል። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ የፔንሲልቫኒያ፣ ላንካስተር የጥምቀት መዝገብ አገኘሁ። እዚያ ባልየው ዩንግ፣ ሚስትየዋ «ዩንጊን» ተብለዋል። የገጹን ፎቶ ልኬልዎታለሁ። እነዚህ ሦስት ቤተሰቦች ናቸው ወይስ አንድ? አማቴን ሳላስቀይም እንዴት ልወቅ?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ እህቴ፣ በስልክ ሰባት ቤት የቆጠሩልዎትን አባትዎን ዕድሜ ይስጣቸው። በአማትዎ በኩል እንደሳቸው ያለ ሰው ቢኖር ኖሮ ደብዳቤዎ እኔ ዘንድ ባልመጣ ነበር።

በቀላሉ ልጀምር። ዩንጊን ሌላ ቤተሰብ አይደለም። የዚያ ዘመን የጀርመን ቄሶች ሴት ሲመዘግቡ ከቤተሰቡ ስም መጨረሻ ላይ «ኢን» ይጨምራሉ። የዩንግ ሚስት ዩንጊን፣ የሽናይደር ሚስት ሽናይደሪን ትባላለች። ማውጫ የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ሳያስተውሉ «ዩንጊን»ን ራሱን የቻለ ስም አድርገው ያስገቡበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ይፈልጉ። አንዳንድ ቄስ ደግሞ ለሚስትየዋ የሚጽፈው የባሏን ሳይሆን የአባቷን ቤት ስም ነው። እንዲህ ያለው ቄስ ካጋጠመዎት ዕድለኛ ነዎት፤ የእናትን ወገን በነጻ ሰጠዎት ማለት ነው።

ያንግና ዩንግስ? አንድ የመሆናቸው ዕድል ሰፊ ነው። ግን ዕድል ማስረጃ አይሆንም። ሁለቱም ስሞች እንደኛ አበበና ከበደ በየቦታው የሞሉ ናቸው። እውነተኛ እንግሊዛዊ ያንግም ሞልቷል። ስለዚህ ሥራ አለብዎት።

መጀመሪያ እነዚህ ሰዎች እነማን እንደነበሩ እንይ። ፔንሲልቫኒያ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ከራይን ወንዝ አካባቢ፣ በተለይ ፓላቲኔት ከሚባለው አገር ተነስተው ገቡባት። ራይንን ተከትለው ሮተርዳም ይወርዳሉ። መርከቡ እንግሊዝ አገር፣ ብዙ ጊዜ ካውዝ ወደብ ላይ ቆሞ ጉምሩክ ይጨርሳል። ከዚያ አትላንቲክን አቋርጦ ፊላዴልፊያ። ቁጥራቸው እየበዛ ሲሄድ የቅኝ ግዛቱ ሹማምንት ሰጉ። ከ1727 ጀምሮ ዕድሜው ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ወንድ ሁሉ ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝ እሆናለሁ ብሎ ምሎ እንዲፈርም አዘዙ።

የሹማምንቱ ስጋት ለእኛ ሲሳይ ሆነ። ለአንድ መርከብ እስከ ሦስት ዝርዝር ይገኛል። አንዱ ካፒቴኑ ያስረከበው ነው። የቀሩት ሁለቱ ሰዎቹ ራሳቸው የፈረሙባቸው የመሐላ ወረቀቶች ናቸው። መጻፍ የሚችለው በጀርመን እጅ ጽሕፈት ፈረመ። የማይችለው ምልክት አደረገ፤ ጸሐፊው ከጎኑ ስሙን ጻፈለት። እንግዲህ አንድ ሰው ካፒቴኑ ዘንድ ያንግ፣ በራሱ እጅ ዩንግ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሰውየው ስሙን አልለወጠም። የተለወጠው ብዕሩን የያዘው ሰው ነው።

እነዚህ ዝርዝሮች በ1934 በሦስት ጥራዝ ታትመዋል። ሁለተኛው ጥራዝ የፊርማዎቹን ምስል የያዘ ነው። እርስዎ የሚያዩት ያንን ይሁን። በማተሚያ ፊደል የተገለበጠውን ያነበበው ሌላ ሰው ነው፤ እርስዎ በራስዎ ዓይን ይዩ። ሴቶችና ሕፃናት ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ የሉም። የባለቤትዎ ቅድመ አያት በልጅነቱ መጥቶ ከሆነ የሱን ስም ሲያስሱ ቢውሉ አያገኙትም። አባቱን ይፈልጉ።

ፊደሉ ለምን ይለዋወጣል? ጀርመኖች ጄ የምትባለዋን ሆሄ እንደ «የ» ነው የሚያነቧት። ስማቸውን በጄ ይጽፋሉ፣ ዩንግ ብለው ይጠራሉ። እንግሊዛዊው የግብር ጸሐፊ ዩንግ ሲባል ሰምቶ በዋይ ይጽፋል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የራሱ ቋንቋ ያንግ ወደሚለው ይስበዋል። ሁለቱም ወጣት ማለት ስለሆኑ ማንም አይከራከረውም። የሳሙኤል ጆንሰን ታላቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የወጣው በ1755 ነው። ከዚያ በፊትማ ተራውን ቃል እንኳ አንድ ጸሐፊ በአንድ ገጽ ላይ በሁለት መንገድ ሲጽፈው ነውር አልነበረም።

ይህ ለእኛ ሰው እንግዳ ነገር መሆን የለበትም። አዲስ አበባ መዝገብ ቤት ስሠራ የአባቴን ስም ኃይሉን በአንድ ፋይል ውስጥ ሀይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ ተብሎ አይቼዋለሁ። አባቴ ግን አንድ ነበር።

ስም ከነትርጉሙ የተገለበጠበትም አለ። እዚያው ላንካስተር ውስጥ ዚመርማን የነበረው ካርፔንተር ሆኗል፤ ሁለቱም አናጢ ናቸው። ክላይን ስሞል ወይም ሊትል ይሆናል። ሽናይደር አንዱ ወንድም ጋ ስናይደር፣ ሌላው ጋ ቴይለር ሊሆን ይችላል። ደግሞ የሰፈር ወሬ እንዳያሳስትዎ፦ «ኤሊስ ደሴት ላይ ነው ስማችንን የለወጡት» የሚል አሜሪካዊ በየቤቱ አለ። ኤሊስ ደሴት፣ የኒው ዮርኩ የስደተኞች መቀበያ፣ የተከፈተው በ1892 ነው። እዚያም ቢሆን መኮንኖቹ የሚሠሩት ከመርከቡ በመጣላቸው ዝርዝር ነበር። የባለቤትዎ ሰዎች ከዚያ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ አሜሪካ ውስጥ አርሰዋል።

አሜሪካኖች ለዚህ ጣጣ ያበጁት ዘዴ ሳውንዴክስ ይባላል። ሮበርት ራስል የተባለ ሰው በ1918 ፓተንት ያወጣበት ነው። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ይይዛል፣ አናባቢዎቹን ይጥላል፣ ድምፃቸው የሚቀራረብ ተነባቢዎችን አንድ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ሽናይደርም ስናይደርም «ኤስ 536» ይወጣሉ። ግሩም! የእርስዎ ጉዳይ ላይ ሲደርስ ግን ጉድ ይሠራዎታል። በጄ የተጻፈው ዩንግ «ጄ 520» ነው። ያንግ «ዋይ 520» ነው። ቁጥሩ አንድ፣ ፊደሉ ሌላ። ማሽኑ አያገናኛቸውም። ስለዚህ በጄም በዋይም ለየብቻ ይፈልጉ። በአይም ይሞክሩ፤ በድሮው የጀርመን እጅ ጽሕፈት ትልቁ አይና ትልቁ ጄ አንድ መልክ ናቸው። በተጨማሪም ጸሐፊዎቹ «ዩ» የምትባለው ሆሄ ላይ ከ«ኤን» እንድትለይ ትንሽ ቅስት ያደርጉባታል። ያንን የማያውቅ ገልባጭ ቅስቱን የሆሄው አካል አስመስሎ ከዩንግ ሌላ ስም ሲፈጥር ይውላል።

አሁን ወደ ላኩልኝ ፎቶ እንምጣ። እርስዎ ያዩት አባትና እናትን ብቻ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለው ማውጫም የያዘው እነሱኑ ነው። ገጹን ሰፋ አድርገው ይዩት። ከእናትየዋ ስም ቀጥሎ ሁለት ስም አለ፦ ፔተር ኮኽና ሚስቱ። የልጁ ክርስትና አባትና እናት ናቸው። ሕፃኑ ዮሐን ፔተር ተብሏል፤ ፔተር ከክርስትና አባቱ የመጣ ነው። እንዲህ ማድረግ ልማዳቸው ነበር። ዮሐን የሚለውን ደግሞ ብዙም አይመኑበት። በአንድ ቤት ያሉ ወንዶች ልጆች ሁሉ ዮሐን እየተባሉ ይጠመቃሉ፤ የሚጠሩት ግን በሁለተኛው ስማቸው ነው። እኛ ቤት የክርስትና ስም ቤተ ክርስቲያን ይቀርና ሰው በሰፈር ስሙ እንደሚጠራው መሆኑ ነው። ቨርጂኒያ ላይ የሚፈልጉት እንግዲህ ዮሐንን ወይም ጆንን ሳይሆን ፒተር ያንግን ነው።

ደግሞ አበልጅ ተራ ሰው እንዳልሆነ እርስዎም ያውቃሉ። ወይ የሥጋ ዘመድ ነው፣ ወይ ከአንድ መንደር የመጣ፣ ወይ አጥር የሚጋራ ጎረቤት። እነዚህ ሰዎች ሲሰደዱም አብረው ነው። ከላንካስተር ተነስተው በሜሪላንድ፣ በፍሬድሪክ በኩል አድርገው ወደ ሸናንዶዋ ሸለቆ የወረዱት በቡድን በቡድን ነው። ስለዚህ ያንግን ብቻውን አይፈልጉት። ከነኮኽ ይፈልጉት። ኮኽም እንደ ያንግ ልብሱን ቀይሮ ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጸሐፊ እጅ ሲገባ ኩክ ነው የሚሆነው።

ሮኪንግሃም ላይ አንድ ችግር አለ። በ1864፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ የካውንቲው የፍርድ ቤት መዝገቦች በጋሪ ሊሸሹ ሲሉ የሰሜን ጦር ደርሶባቸው ብዙዎቹ ተቃጥለዋል። የቨርጂኒያ የ1790 እና የ1800 የሕዝብ ቆጠራ ቅጾችም ከጥቂቱ በቀር ጠፍተዋል። ተስፋ አይቁረጡ። ቨርጂኒያ ከ1782 ጀምሮ የመሬትና የንብረት ግብር ዝርዝር በየዓመቱ ታዘጋጅ ነበር፤ የግዛቱ ቅጂ ሪችመንድ በሚገኘው የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት አለ። ሰውየው ስንት ፈረስ፣ ስንት ከብት እንዳለው ሁሉ ያገኛሉ። የዚያን ዝርዝር ገጾች ዓመት በዓመት ያገላብጡ። ፒተር ያንግና አንድ ኩክ አብረው የሚታዩ ከሆነ፣ በተለይ ሁለቱም ከላንካስተር መዝገብ በዚያው ዓመታት የሚጠፉ ከሆነ፣ አማትዎ ዘንድ ይዘው የሚቀርቡት ነገር አገኙ።

ፔንሲልቫኒያ በኩል ደግሞ መሬት አለ። ሰውየው መጀመሪያ የመሬት ማዘዣ ያወጣል፣ ከዚያ ይቀየስለታል፣ በመጨረሻ ባለቤትነቱ ይጸናለታል። ሦስቱም ወረቀቶች ሃሪስበርግ በሚገኘው የግዛቱ ቤተ መዛግብት ውስጥ ናቸው። በመካከላቸው ብዙ ዓመት ሊያልፍ ስለሚችል ስሙ በሦስቱም ላይ ለየቅል ሆኖ ቢገኝ አይደንግጡ። መሬቱ ያው ነው፣ አዋሳኞቹም ያው ናቸው። ቀያሹ በካርታው ጠርዝ ላይ የጎረቤቶቹን ስም ይጽፋል፤ እሱን ጠርዝ እንዳይዘሉት። ኑዛዜ ካገኙም መዝገቡ ላይ የሰፈረው የጸሐፊው ግልባጭ እንደሆነ ያስታውሱ። በጀርመንኛ የተጻፈው ኑዛዜ ለመዝገብ ሲባል ወደ እንግሊዝኛ ይተረጎም ነበር። ዋናው ወረቀት ከተረፈ ግርጌው ላይ የሟቹ ፊርማ አለ። መርከቡ ላይ ከፈረመው ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጡት።

ካውንቲዎቹም ይንቀሳቀሳሉ። ላንካስተር በ1729 ከቼስተር ወጣ። ዮርክ በ1749፣ በርክስ በ1752 ተከተሉ። ሮኪንግሃም ራሱ በ1778 ከኦገስታ የተቆረጠ ነው። ሰውየው ከቤቱ ሳይነሳ ሁለት ካውንቲ ሊኖር ይችላል። ወረቀቱም ያኔ በነበረው ካውንቲ ቀርቷል።

ስለ ዘመን አቆጣጠር ለሐበሻ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። እስከ 1752 ድረስ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች አዲስ ዓመት የሚገባው በማርች 25 ነበር። በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር 2 ተኝተው ሴፕቴምበር 14 ነቁ። ጆርጅ ዋሽንግተን በተወለደበት ጊዜ አቆጣጠር ልደቱ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1731 ነው፤ አሁን የሚከበረው ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1732 ተብሎ ነው። ስለዚህ በጃንዋሪ ወይም በፌብሩዋሪ የተጠመቀ ልጅ በሁለት ዓመት ተጽፎ ቢያገኙ ሁለት ልጅ ነው ብለው አይቁጠሩ።

መጽሐፍ ቅዱሱን በተመለከተ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። የስሞቹን ገጽ ብቻ ሳይሆን የፊት ገጹን ፎቶ ያንሱ። የታተመበት ዓመት እዚያ አለ። መጽሐፉ ከታተመበት ዓመት በፊት የተወለዱ ልጆች ከተጻፉበት፣ ከትዝታ ወይም ከሌላ ወረቀት የተገለበጡ ናቸው። ቀለሙንም ይዩ። የሠላሳ ዓመት ልደቶች ሁሉ በአንድ ቀለም፣ በአንድ እጅ፣ ቀጥ ብለው ከተሰለፉ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በአንድ ጊዜ የጻፋቸው ናቸው። ይጠቅማሉ፣ ግን በየጊዜው ከተጻፈው እኩል አይታመኑም።

አማትዎስ? ፕሬዚዳንት ሁቨርን ይንገሯቸው። የሳቸውም አያት ቅድመ አያት ሁበር ተብለው በ1738 ፊላዴልፊያ የገቡ ናቸው። የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ቅድመ አያቶች በ1741 ገቡ፤ የሳቸው ስም እንኳ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ለውጡ ጭራሽ አይታይም። ደግሞ «እንግሊዞች ነን» ማለታቸው ባዶ ወሬ አይደለም። ሰዎቹ ለንጉሥ ጆርጅ ምለዋል። ከ1740 ጀምሮ ደግሞ ሰባት ዓመት የተቀመጠ የውጭ ፕሮቴስታንት ቅዱስ ቁርባን ተቀብሎና ምሎ የእንግሊዝ ዜጋ መሆን ይችል ነበር። ከባለቤትዎ ወገን አንዱ በዜግነት ዝርዝሩ ላይ ከተገኘ አማትዎ በሕጉ በኩል ትክክል ናቸው። ወሬውን ከዚህ ጀምሩት። መጽሐፍ ቅዱሱ ከሻይ በኋላ ይምጣ።

ጥያቄ፦ ጋሽ መዝገቡ፣ የእናቴ አባት ጣሊያን ነው። በወረራው ጊዜ ደሴ ይኖር ነበር። አያቴ «ሙሴ ቢያንኪ» ነበር የምትለው። እናቴ በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ተወለደች። ያደገችው ግን በአያቴ አባት ስም ነው። ቤት ውስጥ ባሉ ወረቀቶች አንድ ቦታ ቢያንኪ፣ ሌላ ቦታ ቢያንቺ ይላል። ስሙን ለምን አልሰጣትም? ጣሊያን አገር ለመፈለግስ ከየት ልጀምር?

ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከስሙ ልጀምር። በኤፕሪል 1937 የወጣ ድንጋጌ ጣሊያናዊ ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ፈርዶበታል። በሜይ 1940 ደግሞ ሌላ ሕግ ወጣ። ጣሊያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ እንዳያስመዘግብ፣ ልጁም የአባቱን የቤተሰብ ስም እንዳይይዝ ከለከለ። ሜይ 1940 በእኛ ሚያዝያና ግንቦት 1932 ነው። እናትህ የተወለዱት ቀለሙ ሳይደርቅ ነው። ቢፈልግም መስጠት አይችልም ነበር። ፈልጎ ነበር ወይ ለሚለው ግን ሕጉ መልስ የለውም፤ አያትህ የተናገሩት ካለ እሱን ያዝ።

ስለዚህ ስሙ በመንግሥት ወረቀት ላይ አለመኖሩ አባትነቱን አያፈርሰውም። የጥምቀት መዝገብ ግን ፈልግ። እናትህ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቀው ከሆነ ቄሱ ሕጉ ያስቀረውን በጠርዙ ላይ ጽፎት ይሆናል። የክርስትና አባቱ ጣሊያናዊ ከሆነ ደግሞ ስሙን ገልብጥ። የሥራ ባልደረባው ወይም ያገሩ ልጅ ሊሆን ይችላል። ከላይ ለእህታችን ስለ አበልጅ ያልኩትን አንብብ።

ቢያንኪና ቢያንቺ አንድ ናቸው። በጣሊያንኛ «ሲ» እና «ኤች» ከ«አይ» በፊት ሲገጥሙ «ኪ» ይነበባሉ። አያትህ በጆሯቸው የሰሙትን ቢያንኪ አሉ። በኋላ እንግሊዝኛ የተማረ አንድ ጸሐፊ የላቲኑን ወረቀት አይቶ ቢያንቺ አደረገው። አያትህን እመን።

ከግዕዝ ፊደል ወደ ላቲን ስትመልስ ደግሞ የሚያጠምድህ ጥብቀት ነው። እኛ አጥብቀን እንጠራለን እንጂ አጥብቀን አንጽፍም። ጣሊያኖች ይጽፋሉ። ሮሲ ያልነው በሁለት ኤስ፣ ጋሎ ያልነው በሁለት ኤል ሊሆን ይችላል። ለዘመዶችህም ይጠቅም ይሆናል፤ «ኝ» ያለበት ስም ካለ በ«ጂ» እና «ኤን» ፈልጉት። «ሺ» ካለ በ«ኤስ፣ ሲ፣ አይ»። በነጠላውም በድርቡም ሞክሩ።

ቢያንኪ ጣሊያን ውስጥ እጅግ የበዛ ስም ነው። የትውልድ ከተማውን ሳታውቅ ብትገባበት ትሰጥማለህ። መጀመሪያ ቤትህን በርብር። የፎቶ ጀርባ ላይ ማኅተም፣ የፖስታ ቴምብር ላይ የከተማ ስም፣ ኮሌታ ላይ የክፍለ ጦር ምልክት። አያትህ የሚያወሩት ምግብ ወይም የቅዱስ በዓል እንኳ አገሩን ሊጠቁም ይችላል። ከተማው ከታወቀ ቀሪው መንገድ ጥርጊያ ነው። ጣሊያኖች ወንዶችን በተወለዱበት ዓመት እየለዩ ለምልመላ ይመዘግቡ ነበር። የምልመላ ዝርዝሩና የወታደሩ የግል ማኅደር በየአውራጃው የመንግሥት ቤተ መዛግብት ውስጥ ይቀመጣል። ማኅደሩ የት እንደዘመተ፣ መቼ እንደተመለሰ ይናገራል። አፍሪካ መሄዱ እዚያ ይታያል። የልደት መዝገብ ደግሞ በማዘጋጃ ቤቱ ነው። የጣሊያን ቤተ መዛግብት «አንቴናቲ» በተባለው ገጻቸው ብዙውን በነጻ አውጥተውታል። የልደት ዓመቱን አያትህ የነገሩህ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ሰባትም ስምንትም ጨምረህ ሁለቱን ዓመት ፈልግ።

ጥያቄ፦ አንድ ሱቅ የባለቤቴን የቤተሰብ ስም አይቶ «የቤተሰባችሁ አርማ ይኸው» ብሎ በፍሬም አቀረበልን። ዋጋው ቀላል አይደለም። እውነት ነው?

ከዳላስ

መልስ፦ አይደለም። አርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ነው፤ የሚወርሱትም የሱ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ስሙን የሚጋራ ሁሉ አይወርሰውም። ለንደን ያለው ኮሌጅ ኦፍ አርምስ ከ1484 ጀምሮ ሥራው ይኸው ነው፤ ለስም የሚሰጥ አርማ የለም ይላል። ሱቁ ላይ «ስሙ በሌላ ሆሄ ቢጻፍስ?» ብለው ይጠይቁት። ሌላ አንበሳ ያወጣልዎታል። ግድግዳው ባዶ ከሆነ የባለቤትዎን አያቶች የሠርግ ፎቶ በደንብ አሳትመው ይስቀሉ፤ ከጀርባው ስማቸውንና ዓመቱን በእርሳስ ይጻፉበት።